የሁለት ቀን ፈቃድ ላገኛችሁ ሠልጣኞች፦ የመሐል አዲስ አበባን ሐውልቶች በእግር የመጎብኘት መመሪያ

ወታደራዊ ሥልጠና ላይ ያሉ ልጆች፣ ከሆለታም ይሁን ከቢሾፍቱ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይደውሉልኛል። «ለቅዳሜና እሁድ ፈቃድ ተሰጥቶናል። ስለ ዓድዋና ስለ አርበኞቹ በክፍል ተምረናል። ሐውልቶቹን በዓይናችን እንያቸው ብለን ነበር፤ ከየት እንጀምር?» አራት ኪሎ ስለምኖር መንገዱን አውቀዋለሁ። ለእያንዳንዱ በስልክ የምነግረውን እዚህ ጽፌዋለሁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ እንደምትመጡ አስቤ ነው የጻፍኩት። ብቻችሁን ብትሆኑም አሠራሩ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሁለቱንም ቀን ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ቅዳሜ ከፒያሳ ወደ ለገሃር፣ እሁድ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ። ከተማዋ ከእንጦጦ ሥር ጀምራ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች ነው የምትሄደው። ሳምንቱን ሙሉ በሩጫ የደከመ እግር ዳገት ላይ ሐውልት አያይም፤ መቀመጫ ነው የሚፈልገው። ከቆላ የመጣችሁ ደግሞ ከፍታውን ልብ በሉ። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ያጥራል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የፈቃድ ወረቀትና መታወቂያ። ዋናውን ያዙ፤ ኮፒ ወይም ፎቶውን ደግሞ ከጓደኞቻችሁ አንዱ ጋ አስቀምጡ።
- የለመዳችሁት ጫማና ወፍራም ካልሲ። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አይሆንም፤ እስከ ምሳ ሰዓት እግራችሁ ውሃ ይቋጥራል።
- ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪቢቶ።
- ዝርዝር ብር። በስልክ የሚከፈልበት ቦታ ብዙ ነው፤ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ታክሲም ትኬትም የሚገዛው በካሽ ነው።
- የመመለሻ ትራንስፖርት ብር፣ ለብቻው በሌላ ኪስ።
- ውሃ፣ ኮፍያ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሆነ ጃንጥላ ወይም የዝናብ ልብስ።
- ለሴት ሠልጣኞች ነጠላ ወይም ሻርፕ። ሁለት ካቴድራሎች መንገዳችሁ ላይ አሉ።

የማይያዘው፦ ሴንጢ፣ ማንኛውም ስለት፣ ከማሠልጠኛው የወጣ ዕቃ። በየሙዚየሙ በር ፍተሻ አለ። ፈታሹ ስለት ካገኘ ወሬው እዚያ አይቆምም፤ ወታደር መሆናችሁ ሲታወቅ ጥያቄው ይበዛል።

ከመውጣታችሁ በፊት

1. ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን የመመለሻ ሰዓት አንብቡና ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ።
እሁድ ምሽት 12 ሰዓት በር ላይ መገኘት ካለባችሁ፣ መናኸሪያ የምትደርሱት 12 ሰዓት ሲቃረብ መሆን የለበትም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከከተማ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፤ ወረፋው ይረዝማል፣ መንገዱም ይጨናነቃል። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ጉብኝቱ እሁድ 7 ሰዓት ላይ እንዲያልቅ ነው። ቅዳሜ ስትገቡ፣ ከመኪናው እንደወረዳችሁ፣ የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚወጣ እዚያው ጠይቁ። እሁድ ስትቸኩሉ የሚነግራችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ።

2. ስለ ልብስ ከአለቃችሁ ጋር ተነጋገሩ።
በዩኒፎርም ወይስ በሲቪል የሚለውን የሚወስነው የማሠልጠኛችሁ ደንብ ነው። የትኛውም ቢሆን አንዱን ሙሉ በሙሉ ልበሱ። የዩኒፎርም ሱሪ ከሲቪል ቲሸርት ጋር ለብሶ መሐል ከተማ መሄድ የከተማዋን ፖሊስም ወታደራዊ ፖሊስንም ያስቆማል። በሲቪል የምትሄዱ ከሆነ የወታደር ቀበቶና ኮፍያም ይቅር።

3. የማደሪያ ጉዳይ ዓርብ ይለቅ።
ዘመድ ቤት ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ። ፔንሲዮን ከሆነ መታወቂያ ስለሚጠይቁ መያዛችሁን አረጋግጡ። ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ማደር እሁድ ጠዋት አንድ ታክሲ ያስቀርላችኋል።

4. እነዚህን አራት ቀኖች በደብተራችሁ ጻፉ።
የካቲት 23, 1888 የዓድዋ ድል። ሐምሌ 22, 1928 አቡነ ጴጥሮስ በጥይት የተገደሉበት። የካቲት 12, 1929 የአዲስ አበባ ሕዝብ ጭፍጨፋ የጀመረበት። ሚያዝያ 27, 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ነፃ ወደ ወጣችው አዲስ አበባ የገቡበት።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከአራቱ አንዱን ሳያውቅ ሐውልቱ ሥር የሚቆም ሰው የሚያየው ድንጋይና ነሐስ ነው። ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ቀኖቹን በቅደም ተከተል የያዘ ግን ከአንዱ ሐውልት ወደ ሌላው ሲሄድ ታሪኩ ይያያዝለታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለታክሲ ረዳት «የካቲት 12 አደባባይ» ብትሉት ግር ሊለው ይችላል። «ስድስት ኪሎ» በሉት። ሚያዝያ 27 አደባባይም በሰፈር ስሙ «አራት ኪሎ» ነው።

ቅዳሜ፦ ከፒያሳ ወደ ለገሃር

አጠቃላይ የእግር መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጊዜውን የሚበላው መቆሙ ነው።

5. ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጊዮርጊስ ድረሱ።
በታክሲ «ፒያሳ» ብላችሁ ተሳፈሩ፤ ስትወርዱ «ምኒልክ አደባባይ» ብላችሁ ጠይቁ። የአፄ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት እዚያ ነው። በ1923 ዓ.ም. ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጋር ተያይዞ የተመረቀ ነው። በወረራው ጊዜ ጣልያኖች አንሥተውት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ።

በማለዳ መድረስ ሁለት ጥቅም አለው። ፀሐዩ ገና አልከረረም፣ ሰዉም አልበዛም። አንድ ጊዜ ዙሩት። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ሙሉውን፣ ከዚያ ቀረብ ብላችሁ ፈረሱን፣ ከዚያ መሠረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ። ይህን ቅደም ተከተል በሁሉም ሐውልት ላይ ድገሙት። በቀጥታ ቀርቦ የጀመረ ሰው የሐውልቱን አጠቃላይ ቅርጽ ሳያየው ይሄዳል።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ግቡ። ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ ነው። ከዓድዋ ጋር ያለው ትስስር የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ስለዘመተ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ጫማ ይወልቃል። ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች ታያላችሁ። ግቢው ውስጥ ያለው ሙዚየም ክፍት መሆኑን በሩ ላይ ጠይቁ።

6. የዓድዋ ድል መታሰቢያን በደንብ ጊዜ ስጡት።
ከአደባባዩ ጥቂት ደቂቃ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀ ትልቅ ግቢ ነው፤ ውስጡ ሙዚየም አለው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያዙለት። ለወታደር ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ከየአቅጣጫው የዘመተው ሠራዊት በምን እንደመጣ፣ ማን እንደመራው፣ ስንቁ በምን እንደተጓዘ እያያችሁ ከተማራችሁት ጋር ማገናኘት ትችላላችሁ። አስጎብኚ ካለ ተከተሉት፣ ጠይቁት። «የእቴጌ ጣይቱ ሠራዊት መቀሌ ላይ ምን አደረገ?» ብላችሁ ብትጀምሩ ስለ ውሃው ምንጭ መያዝ ይነግራችኋል፤ ይህ ደግሞ በቀጥታ የእናንተ ትምህርት ነው።

ትኬቱን የሚገዛ አንድ ሰው ምረጡ። ሁሉም ወረፋ ከያዘ ጊዜ ይባክናል። ፎቶ የሚከለከልበት ክፍል ካለ ምልክቱን አክብሩ።

7. አቡነ ጴጥሮስ ጋ ሂዱ።
ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ፣ ወደ መርካቶ በሚወስደው በኩል ነው። አቡኑ ለፋሺስት እንዲገዙ ቢጠየቁም እምቢ በማለታቸው ነው የተገደሉት። ሐውልቱ ለቀላል ባቡሩ ግንባታ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ወደ ቦታው ተመልሷል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረ ሰው የሰጣችሁ የመንገድ ምልክት ላይሠራ ይችላል። የፒያሳ ገጽታም በቅርቡ ብዙ ተለውጧል። «ከእንትና ሱቅ ጀርባ» የሚል መመሪያ አትመኑ፤ ትራፊክ ፖሊስ ወይም የሰፈሩን ሰው ጠይቁ።

እዚህ ኪሳችሁን ጠብቁ። ወደ መርካቶ የሚሄደውና የሚመጣው ሰው ይጋፋል። ስልክ ከኋላ ኪስ አይቀመጥም።

8. ምሳ ብሉና በቸርችል ጎዳና ውረዱ።
ሽሮም ጥብስም ፒያሳ ላይ አይጠፋም። ከበላችሁ በኋላ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት የሚጀምረውን ሰፊ መንገድ ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። መንገዱ እስከ ለገሃር አንድ ነው፤ አትጠፉም።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስትደርሱ ከመንገዱ ማዶ ትግላችን ሐውልትን ታያላችሁ። 50 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፤ ጫፉ ላይ ኮከብ አለ። በ1969 እና 70 ዓ.ም. ሶማሊያ በወረረችን ጊዜ ለተሰዉት የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች የቆመ ነው፤ የሠራችው ሰሜን ኮሪያ ናት። ብዙ ሰው በታክሲ መስኮት አይቶት ያልፋል። እናንተ ግን ቁሙ። የተሰዉት የኩባ ወታደሮች ፎቶ እዚያው አለ፤ አብዛኞቹ የእናንተ እኩዮች ናቸው። በግራና በቀኝ ያሉትን ቅርጻ ቅርጾች ከግራ ጀምራችሁ ተመልከቱ። አጥር ስላለው በሩ ላይ ያለውን ጠባቂ አስፈቅዱ። በሩ ከተዘጋ አጥር አትዝለሉ፤ ከውጭም ይታያል።

መንገዱን የምትሻገሩት በዜብራ ብቻ ነው። ቁልቁለት ስለሆነ መኪናው ፈጥኖ ይመጣል።

9. ለገሃር ላይ ጨርሱ።
የቀድሞው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። ይህም በ1923ቱ ንግሥ ጊዜ የቆመ ነው። ፋሺስቶች ወደ ሮም ወስደውት ነበር፤ በኋላ ተመልሷል። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ጉልበት ካላችሁ ወደ መስቀል አደባባይ በእግር ቅርብ ነው። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም እዚያ አለ። ውስጡ ከባድ ነው፤ የሰው አጥንትና የሟቾች ፎቶ አለበት። ከቤተሰባችሁ በዚያ ዘመን ሰው ያለቀባችሁ ከሆነ ለብቻችሁ አትግቡ። ከደከማችሁ ደግሞ ይቅር፤ ለሌላ ፈቃድ ይቆያል።

እሁድ፦ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ

10. ስድስት ኪሎ ጠዋት 2 ሰዓት።
የካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት አደባባዩ መሐል ነው። 28 ሜትር ቁመት አለው። ዙሪያውን በነሐስ የተቀረጸው ምስል የጭፍጨፋውን ሦስት ቀን ያሳያል። ቀስ ብላችሁ ዙሩ። እያንዳንዱ ጎን የተለየ ነገር ይዟል፤ አንዱን ብቻ አይቶ መሄድ የታሪኩን ግማሽ መተው ነው።

በዩኒፎርም ከሆናችሁ ኮፍያችሁን አስተካክሉ፤ በሲቪል ከሆናችሁ አውልቁ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ መብላት፣ መሠረቱ ላይ ወጥቶ ፎቶ መነሳት ነውር ነው። ሰላማዊ ሰዎች የተጨፈጨፉበት መታሰቢያ ነው።

11. ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ።
ከሐውልቱ ማዶ ያለው ዋናው በር ነው። መታወቂያችሁን አሳዩና ለሙዚየሙ እንደመጣችሁ ተናገሩ። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እዚህ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በፋሺስቱ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚህ ግቢ ነው፤ ጭፍጨፋው የተከተለው ከዚያ ነው። አሁን ሕንፃው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው።

ከሕንፃው ፊት ያለውን የቆመ ደረጃ እንዳታልፉት። ጣልያኖች ለፋሺስት አገዛዝ ዓመታት አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ትንሽ ነገር ስለሆነ ካልተነገራችሁ አታስተውሉትም።

ሰዓት ካላችሁና የኮሪያ ዘማቾች ታሪክ የሚስባችሁ ከሆነ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ አፍንጮ በር ወርዳችሁ የቃኘው ሻለቃን መታሰቢያ ማየት ይቻላል። ይህን ከጨመራችሁ ግን ብሔራዊ ሙዚየሙን ቀንሱ። ሁለቱ በአንድ ጠዋት አይበቁም።

12. በአምስት ኪሎ በኩል ውረዱ።
ብሔራዊ ሙዚየም በመንገዳችሁ ላይ ነው። ድንቅነሽ እዚያ ናት። አንድ ሰዓት ይበቃል። ቁርስ ያልበላ ካለ አራት ኪሎ አካባቢ እርጥብና ሻይ በርካሽ ይገኛል፤ የተማሪ ሰፈር ነው።

13. አራት ኪሎና ሥላሴ።
የድሉ ሐውልት አደባባዩ መሐል ነው። ጣልያኖች ከተማዋን የያዙት ሚያዝያ 27, 1928 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱት ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን። ወደ መሐሉ ለመሻገር አትሞክሩ። ከእግረኛ መንገዱ በደንብ ይታያል።

ከዚያ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሂዱ። ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት በእሁድ ቅዳሴ ምክንያት ነው። ጠዋት ከሄዳችሁ ምዕመናን መሐል ትገባላችሁ፤ ጎብኚ ሆኖ መዞርም ተገቢ አይደለም። ውስጥ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር አለ። ግቢው ውስጥ አርበኞች ተቀብረዋል፤ ለኢትዮጵያ ነፃነት የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም እዚያ ናት። የቀብር ሥነ ሥርዓት ካጋጠማችሁ ገለል በሉ፤ ለቅሶ ላይ ካሜራ አይወጣም።

ማስጠንቀቂያ

አራት ኪሎ አካባቢ ፓርላማውና ቤተ መንግሥቱ አሉ። ጥበቃ ወዳለበት ሕንፃ ካሜራ አታዙሩ። ሐውልቱን ስታነሱ ከጀርባው ምን እንዳለ እዩ። ጠባቂ ቢያስቆማችሁ አትከራከሩ፤ ፎቶውን አሳዩ፣ አጥፉ ካለ አጥፉ።

የማሠልጠኛችሁን ቦታ፣ የሰዉን ብዛት፣ የመውጫና የመግቢያ ሰዓት ለማንም አትንገሩ። ታክሲ ውስጥም ሆነ ምግብ ቤት «የት ነው የምትሠለጥኑት? ስንት ናችሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አብዛኛው በፍቅር ነው የሚጠይቀው። ቢሆንም መልሱ «ደህና ነን» ብቻ ይሁን። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ፎቶ የምትለጥፉ ከሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ደንቡም ከፈቀደ ብቻ። የጓደኛ ፊት ያለበትን ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ።

የካቲት 12፣ የካቲት 23 ወይም ሚያዝያ 27 ቅዳሜና እሁድ ላይ ከዋለ መንገዶች ይዘጋሉ፣ የአበባ ጉንጉን የሚቀመጥበት ሥርዓትም ይኖራል። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተገኙ። ሐውልቱን በእርጋታ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ቀን ምረጡ። በጥምቀት ሰሞንም ስድስት ኪሎ በጃንሜዳ ምክንያት ይጨናነቃል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር ዋነኛው ነው። ቅዳሜ ማታ ላይ የቀኑን ስም የማያስታውስ ሠልጣኝ አይቻለሁ። ሦስት ሐውልት በደንብ ማየት ስምንት በሩጫ ከማየት ይሻላል።

ሁለተኛው ከታች መጀመር ነው። ከቢሾፍቱ በኩል የሚመጡት፣ መናኸሪያቸው ወደ ደቡብ ስለሆነ ለገሃር ይቀርባል ብለው ይጀምራሉ፤ ከዚያ ሙሉውን ቸርችል ዳገት በምሳ ሰዓት ፀሐይ ይወጡታል። ታክሲ ይዛችሁ መጀመሪያ ላይ ውጡ።

ሌላው ቅዳሜ ማታ መጠጣት ነው። እሁድ ጠዋት ሐውልቱ ሥር የምትቆሙት ራሳችሁን እያመማችሁ ነው፤ ፈቃዳችሁም በአንድ ጠብ ሊሰረዝ ይችላል።

የመመለሻ ብሩን መንካትም አለ። ለዚህ ነው ለብቻው በሌላ ኪስ ያልኩት።

ፈቃዳችሁ ግማሽ ቀን ብቻ ከሆነ የቅዳሜውን መንገድ ተዉትና የእሁዱን ብቻ ውሰዱ። ከሁለት ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ አራት ሰዓት ይበቃዋል። ዕለቱ እሁድ ካልሆነም ቅደም ተከተሉን አትለውጡ፤ ከስድስት ኪሎ ጀምራችሁ ሥላሴ ላይ ጨርሱ፣ ታክሲውን ከአራት ኪሎ ያዙ።